አራት ካቢኔት ገዝቼ የተማርኩት

የምንኖርበት ቤት ከግድግዳ ጋር የተሠራ ቁም ሣጥን የሚባል ነገር የለውም። ብርድ ልብሱ ወንበር ላይ፣ ጫማው በር ሥር፣ መዶሻና ብሎኑ አልጋ ሥር ነበር። የተከራየነው ቤት ግድግዳ ላይ ቁም ሣጥን መሥራት ስለማንችል፣ ስንለቅ ይዘነው የምንሄደው፣ ብቻውን የሚቆም ካቢኔት መግዛት ጀመርን። አራት ገዛን። ሦስቱን ሳልለካ ነው የገዛሁት።

የመጀመሪያው ትልቅ ስለነበር ደስ ብሎኝ ኮሪደር ላይ አቆምኩት። ኮሪደሩ 120 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ካቢኔቱ ወደ ውስጥ 60። የቀረው መተላለፊያ ግማሹ ብቻ ነው፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። ያኔ የገባኝ፣ ሰው ካቢኔት ሲገዛ ቁመቱንና የፊቱን ስፋት ያያል እንጂ ጥልቀቱን አያይም። ጥልቀት ግን ከሁሉም ይበልጣል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚያስፈልገው ልብስ በመስቀያ ለመስቀል ነው፣ መስቀያው ራሱ 45 ገደማ ስለሚሆን። ለጫማ፣ ለመጽሐፍ፣ ለሳሙናና ለታጠፈ ፎጣ ከ30 እስከ 35 ይበቃል። ጥልቅ መደርደሪያ ላይ ትንንሽ ዕቃ ስታስቀምጡ ደግሞ የፊቱ የኋላውን ይደብቀዋል። እኔ ያንን ካቢኔት ባዶ ሳደርግ ሦስት ያልተከፈተ የአምፖል ፓኮ አገኘሁ፣ በየጊዜው አለቀ እያልኩ ስገዛ የኖርኩትን።

ወደ መኝታ ቤት ልወስደው ፈታሁት። ቺፕውድ፣ ማለትም ከእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ፣ ላይ ብሎን ደጋግሞ መፍታትና ማሰር ቀዳዳውን ያላላዋል፣ ስለዚህ መልሳችሁ ስታስሩ በማሽን ሳይሆን በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ እሰሩ። ወለል ላይ አስተኝቼ ገጣጠምኩት። ከዚያ ሊቆም አልቻለም! ቁመቱ 235፣ ኮርኒሱ 240 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ አምስት ይተርፋል ብዬ ነበር። ነገር ግን የተኛ ካቢኔት ሲነሳ ኮርኒሱን የሚነካው ቁመቱ ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርዝመቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ242 በላይ ሆነ። እንደገና ፈትተን፣ ሁለት ሰው ጎንና ጎኑን ቁሞ እየያዘ፣ እንደቆመ ገጠምነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ያቺ ከኋላ የምትመታ ስስ ጣውላ ለመሸፈኛ ብቻ አይደለችም። ካቢኔቱ ወደ ጎን እንዳይወላገድ የምትይዘው እሷ ናት። ከመምታታችሁ በፊት ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ፣ እኩል ካልሆነ ማዕዘኑ ተዛብቷል። በሮቹ አልገጥም ሲሉኝ አንድ ምሽት ሙሉ የማጠፊያ ብሎን ሳዞር አመሸሁ። ለካ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ውሃ ልክ አስቀምጬ አንዱ እግር ሥር ስስ ጣውላ ስከት ሁለቱ በሮች ያለምንም ትግል ተስተካከሉ።

አሁን ግን ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይሄን ነው። ሁለተኛው ካቢኔት ባለ መሳቢያ ነበር። የሦስት ዓመት ልጄ የታችኞቹን ሁለት መሳቢያዎች ስባ እንደ ደረጃ ወጣችባቸው። ካቢኔቱ ወደ ፊት አዘነበለ። አጠገቧ ስለነበርኩ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እጄ እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሳቢያ ሲሳብ ክብደቱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ልጅ ሲጨመርበት ከባድ የሚመስለው ዕቃ እንኳ ይገለበጣል። በዚያው ቀን ከላይ በሁለት የብረት አንግል፣ በፊሸር (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን በሚይዘው ፕላስቲክ) እና በብሎን ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። አከራይ እንዳይቆጣ ብላችሁ አትተዉት፣ ቀዳዳው ቤቱን ስትለቁ ይደፈናል። ከባድ ዕቃ ከታች ይሁን፣ ልጅ የሚጓጓለትን ነገር ደግሞ አናቱ ላይ አታስቀምጡ።

ሦስተኛው የመጽሐፍ ነው። መደርደሪያው አንድ ሜትር ርዝመት፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፕውድ ስለሆነ በጥቂት ወራት መሃሉ ጎበጠ። መሃል ላይ ማቆሚያ ስጨምርለትና መደርደሪያውን ስገለብጠው ዳነ። እሱንም ወደ ውጭ ከሚያዋስነው ግድግዳ ጋር አጣብቄው ስለነበር ጀርባው ሻጋታ አወጣ። አሁን አምስት ሳንቲ ሜትር አርቄዋለሁ፣ ከላይ ግን ክፍተቱን የሚሞላ እንጨት ገብቶበት ታስሯል።

አራተኛውን፣ የጫማውን፣ ከመግዛቴ በፊት ካርቶን በልኩ ቆርጬ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፣ በሩ ሲከፈት የሚይዘውንም ቦታ በቾክ አሰመርኩ። ሦስት ቀን አብረነው ኖርን። ሁላችንም አንዱን ጥግ እየረገጥን ስናልፍ ካርቶኑ እዚያ ጋ ተቀደደ። ጥልቀቱ 45 የሆነውን ትቼ ባለ 35ቱን ገዛሁ፣ ጫማው በሙሉ ገባ።