ነርሷ የጠየቀችኝ ጥያቄ

ጌታ ስሙ ይባረክ! ይህን ምስክርነት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሌሊቱ ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ግን ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ «ጻፊው፣ ሌላ ሰው ይድንበታል» ስላለኝ እጨርሰዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አማቴ በጠና ታመሙና ባለቤቴ በአራት ቀን ውስጥ ወደ ተወለደበት አገር መብረር ነበረበት። ቦታው ቆላ ነው፤ ወባ አለ። እሱ ከዚያ ከወጣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። የሥራ ባልደረባው «መከላከያ ክኒን ያዝ እንጂ» ቢለው ሳቀ። «ወባ ያውቀኛል፣ እኔም አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ስንቴ ይዞኝ ለቆኛል!» አለ። ደግሞም ጊዜው አልፏል ብሎ አመነ። ክኒን ሁሉ ከጉዞ በፊት ሳምንታት ቀድሞ የሚጀመር መስሎት ነበር።

እኔስ? እኔ የባሰ አደረግሁ። ቸልተኝነታችንን የእምነት ልብስ አለበስኩት። ሻንጣውን ስዘጋ መዝሙር 91ን አነበብኩለት። «በጨለማ ከሚሄድ ክፉ ነገር» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ትንኝ ምን አባቷ ታደርጋለች? በጌታ ስም አትነካህም!» አልኩት። አሜን ተባባልን። ክኒን የለ፣ ቅባት የለ፣ አጎበር የለ። ሄደ።

ሦስት ሳምንት ቆየ። አማቴ ተሻላቸው፤ ለዚህም ተመስገን። ማታ ማታ ከዘመድ ጋር ደጅ ተቀምጠው ሲጫወቱ ያመሹ ነበር። የወባ ትንኝ ደግሞ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

በተመለሰ በዘጠነኛው ቀን ራሱን አመመው። ትኩሳት መጣ፤ ቁርጥማት ጨመረ። በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄድን። ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ይጠጣ፣ ይረፍ ተባልን። በዚያ ሰውዬ ላይ ቂም የለኝም። ስለ ጉዞው አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም። በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ላብ አጥምቆት ትኩሳቱ ወረደ። ትንሽ እህል ቀመሰ። እኔም ለጸሎት ቡድናችን «ጌታ ፈወሰው! ሃሌሉያ!» ብዬ ጻፍኩ። የወባ ትኩሳት ሄድ መለስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩበት፤ ካፖርቴን ጨመርኩ። «በረደኝ፣ በረደኝ» ይላል። ግንባሩን ስነካው ግን እሳት ነው። ትኩሳት መለኪያው 40.6 አለ። የተበላሸ መስሎኝ በራሴ ብብት ሞከርኩት። አልተበላሸም። ልጆቹ እንዳይነቁ በሩን ዘጋሁና ተንበርክኬ ንዳዱን መገሠጽ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ድንገት ቆመ።

ዝም አለ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ባለቤቴ በትሕትና፣ እንደ እንግዳ ሰው፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ።

እርስዎ አለኝ።

ያቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም። ጩኸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አምቡላንስ ስደውል አድራሻችን ጠፋብኝ። የጎረቤታችን ልጅ ደርሳ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። እህቴ፣ ጌታ ዘመንሽን ይባርክ። ሌሊቱን ሙሉ ልጆቼን የጠበቅሽልኝ አንቺ ነሽ።

ሆስፒታሉ በጉንፋን በታመመ ሰው ተሞልቶ ነበር። ትኩሳት ያለበት ሁሉ አንድ ይመስላል። «ሦስት ቀን ሆኖታል፣ ጉንፋን ነው ተብለናል» አልኳቸው። እኔው በአፌ ሌላ ጉንፋን አደረግሁት። ተቀመጡ አሉን። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ሰው እንኳ ይየን» እያልኩ ነበር። ሌላ ጸሎት አልቀረኝም።

አንዲት ነርስ መጣች። ገና ወጣት ናት። የደም ግፊቱን እየለካች «ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ አገር ተጉዞ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«የት? መቼ ተመለሰ?»

ነገርኳት። አሥራ ሁለት ቀኑ ነው አልኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የወባ መከላከያ ወስዶ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም፤ አልጋውን ራሷ እየገፋች ሮጠች።

የጸሎቴ መልስ ያ ጥያቄ ነው። መልአክ እጠብቅ ነበር፤ መልሱ ግን በአንዲት ደክሟት በነበረች ነርስ አፍ መጣ። ስሟን አላወቅሁም። ጌታ ያውቃታል።

ደሙ ሳይውል ሳያድር ታየ። ሐኪሟ «ፋልሲፋረም ነው፣ ገዳዩ ዓይነት» አለችኝ። ከመቶ ቀይ የደም ሴሎቹ ዘጠኙ ተይዘዋል። የደሙ ስኳር ወርዷል፤ ኩላሊቱ ደክሟል። ወባው አንጎሉን ነክቶታል። በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት የሚባለው መድኃኒት ደግሞ እዚያ አልነበረም። ከሌላ ሆስፒታል በመኪና ይመጣል ተባለ። እስኪደርስ በአፍንጫው ባስገቡት ቱቦ ሌላ የወባ መድኃኒት ጀመሩለት።

እነዚያ ሰዓታት! ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰዓት ግድግዳ ላይ ነበር። አላየውም እላለሁ፤ አየዋለሁ።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልናገር። እዚያ ኮሪደር ላይ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። «ቃልህን ይዤ ነበር። አንብቤልህ ነበር። ያልጠበቅኸው አንተ ነህ» አልኩት። ከልጅነቴ የማውቀው መዝሙር አፌ ላይ ሲመጣ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ልጆቼን ያለ አባት ካስቀረህ ዳግመኛ አልዘምርልህም አልኩ። ይህን ብዬዋለሁ። እሱም ሰምቶኛል፤ አልጣለኝም።

ያኔ ነው ሳልፈልገው ያ ቃል የመጣው። «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው።» ሉቃስ 4፥12። ደነገጥኩ። ለካ መዝሙር 91 ሰይጣን ራሱ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ለጌታ የጠቀሰለት መዝሙር ነው! ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ብሎ። እኔም ባለቤቴን ከጫፍ ላይ ወርውሬ «ያዘው» ያልኩ ያህል ነው። መዝሙሩ አልዋሸም። እኔ ነኝ በተሳሳተ ቦታ ያነበብኩት።

ስልኬ ላይ ምዕራፉን ከፍቼ ወደ ታች ወረድኩ። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ ቁጥር 38 ላይ፣ የስምዖን አማት «በብርቱ ንዳድ ታማ ነበር» ይላል። ጌታ በአጠገቧ ቆሞ ንዳዱን ገሠጸው፤ ለቀቃትም። አትፈታተነው ያለውም፣ ንዳዱን የገሠጸውም በአንድ ምዕራፍ! ጽሑፉም የባለ መድኃኒቱ የሉቃስ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። «ይቅር በለኝ፣ ግን ቁምለት» አልኩ። ይኸው ነው ጸሎቴ።

መድኃኒቱ ሊነጋ ሲል ደረሰ። አንዴ፣ ከዚያ በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት፣ ከዚያም በሃያ አራተኛው ሰዓት ይሰጣል። የተገኘው አርጤሚሲያ ከሚባል ተክል መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ተመራማሪዋ ቱ ዮዮ የምትባል ቻይናዊት ናት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። አታውቀኝም፣ ግን በየዕለቱ ስለ እሷ አመሰግናለሁ። ቅጠሉን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ፈልጋ ያገኘችው ደግሞ እሷ ናት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እያንጎላጀሁ ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ፣ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?»

አንቺ አለኝ! ጌታ ሆይ፣ አንቺ አለኝ! ነርሶቹ ምን ሆነች ብለው ሮጠው መጡ።

ከመቶ ዘጠኙ ወደ ሁለት፣ ሁለቱ ከአንድ በታች ወረደ፤ በአራተኛው ቀን የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ከደሙ ጠፋ። ከዚያ የሚዋጥ መድኃኒት ሦስት ቀን፣ ከዚያም አራት ሳምንት በየሳምንቱ የደም ምርመራ፤ አርቴሱኔት ከተሰጠ በኋላ ደም ዘግይቶ ሊያንስ ይችላልና። ጉልበቱ እስኪመለስ ወራት ሄዱ።

ሐኪሟ ከመውጣታችን በፊት ተቀምጣ ያስረዳችንን ግን አልዘልም። የልጅነት መቋቋም ሰውየው ከወባ አገር ርቆ ሲኖር እየከዳው ይሄዳል። ስለዚህ ዘመድ ሊጠይቅ የሚመለስ ሰው፣ «እኔ ለምጄዋለሁ» እያለ፣ ከሌላ ተጓዥ ይልቅ ብዙ ጊዜ በወባ ይያዛል። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ጊዜ የለም የሚለውም ልክ አልነበረም። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል የሚባለው ክኒን ከመድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀመራል፤ በየቀኑ ይዋጣል፤ ከወባው አገር ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ ቶሎ ይጀመራል፤ ከመልስ በኋላ ግን አራት ሳምንት ነው። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ነው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚጀመረው። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይለያል፤ እርጉዝ፣ ሕፃን፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከመልስ በኋላ መቀጠሉ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጥገኛው መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይደበቃል፤ ወደ ደም የሚወጣው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው አለችኝ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት እንዲያውም ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። አንድ ምርመራ ነጻ ቢልም አይበቃም፤ ጥርጣሬው ካለ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ወባ 597,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገምታል። አብዛኞቹ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። የእኔ ለምን ተረፈ፣ የእነዚያ እናቶች ልጆች ለምን አልተረፉም? መልስ የለኝም። በጸሎቴ ግን እነሱን አልዘልም።

ዘንድሮ አማቴን ልንጠይቅ አራታችንም ሄድን። ክኒን በልጆቹ ክብደት ተለክቶ ታዘዘ። ፐርሜትሪን በሚባል ትንኝ ገዳይ የተነከረ አጎበር ያዝን። ዲት የሚባል ትንኝ የሚያባርር ነገር ያለበት ቅባት ገዛን። ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው ቅባቱን ይቀባቸዋል። ከእራት በኋላ ክኒኑን በመዳፉ ይዞ «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ተመስገን» ይልና ያድለናል። ከዚያ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር አጣጥፈን መዝሙር 91ን እናነባለን። አዎ፣ ያንኑ መዝሙር።

ትናንት ሰባተኛው ቀን ነበር። የመጨረሻዋን ክኒን ዋጥን። ባለቤቴ ባዶውን ካርቶን ሉቃስ 4 ላይ ከተተው። ትኩሳት መለኪያውን ግን ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከአራታችን አንዱን ቢያተኩሰው፣ በሩ ላይ መጀመሪያ የምንናገረው የት እንደነበርን ነው።