ሰኮናው ለጫማው አይቆረጥም

የፈረስ ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። አስፋልትና ጠጠር ላይ ቀኑን ሙሉ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ግን ከዚያ በላይ ይጨርሳል። ስለዚህ አዘዞ ለሚሠራ የጋሪ ፈረስ ጫማ ግድ ነው። በየጊዜው የምናየው አንካሳነት ግን ከመንገዱ ብቻ አይመጣም። ብዙው የሚመጣው ጫማው ሲጠብ ብረቱን በማስፋት ፈንታ ሰኮናውን በሞረድ ከፊት እየፋቁ ከማስገባት ነው። የተፋቀ ግድግዳ፣ ማለትም የሰኮናው ጠንካራ የውጭ ክፍል፣ ይሳሳል፤ እርጥበቱን መያዝ አይችልም፤ ምስማር የሚይዝበትም ቦታ ያጣል።

አሮጌው ጫማ ሲወልቅ መጀመሪያ የታጠፉት የምስማር ጫፎች በመሮ ይቃናሉ። ይህን ዘለው በጉጠት የሚጎትቱ ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ይነሣሉ። ጉጠቱ ከተረከዝ ጀምሮ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ ይጫናል እንጂ ወደ ጎን አይጠመዘዝም፤ ወደ ጎን ከተጠመዘዘ መገጣጠሚያውን ይጎዳል።

ቀጥሎ የሞተውና የሚፈረፈረው ብቻ ይነሣል። የሰኮናው ወለል (የታችኛው ገጽ) በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ካለ ከሚገባው በላይ ተቆርጧል። በመሐል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጤነኛ ከሆነ አይነካም። ጥቁር ፈሳሽና መጥፎ ሽታ ካለው ግን ብስባሹ ተጠርጎ መድረቅ አለበት፤ በክረምት ከደንቢያ ጭቃ የሚመጡ ፈረሶች ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ፈረሱ በደልዳላ መሬት ቆሞ ከጎን ሲታይ የሰኮናው ፊትና ከበላዩ ያለው አጥንት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ካልሠሩ፣ ብዙውን ጊዜ ወይ ፊቱ ረዝሟል ወይ ተረከዙ ወርዷል።

ጫማውን ከፌሮ ለሚቀጠቅጥ፦ 16 ቁጥር ፌሮ ተጠፍጥፎ 20 በ10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣዋል። የሚቆረጠው ፌሮ ርዝመት ሰኮናው ከፊት ጫፉ እስከ ተረከዙ ያለው ርዝመትና የሰፊው ቦታ ስፋት ድምር ነው። የቀላ ፌሮ ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ ይጠነክርና ድንጋይ ላይ ይሰነጠቃል። በራሱ ይብረድ። የምስማር ቀዳዳዎቹ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ነጩ መስመር ላይ መውደቅ አለባቸው፤ ወደ ውስጥ ከገቡ ምስማሩ ሥጋ ይወጋል።

ምስማሩ ስድስት ይበቃል፣ በየጎኑ ሦስት። ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ አይመታም፤ ተረከዙ ሲረግጥ የሚከፈትበት ቦታ ያስፈልገዋል። የቤት ምስማር ክብ ስለሆነ መንገዱን አያውቅም። የፈረስ ምስማር ጫፉ በአንድ ጎን የተዛነፈ ነው፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ሲሆን ምስማሩ ራሱ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ከጫማው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ዝቅ ብሎ ከወጣ ግድግዳውን ቀዶ ይሄዳል። ሲመታ ድምፁ እየጠነከረ ካልሄደና ለስለስ ካለ፣ ወይም ፈረሱ ከደነገጠ፣ ወዲያው ይነቀል። ጫፉ እንደወጣ ይቆረጥ፤ ፈረሱ እግሩን ቢነጥቅ የሚቀደደው የጫማ አልባሹ ጭን ነው። ደም ከታየ ቀዳዳው በአዮዲን ይታጠባል፣ ባዶውንም ይተዋል፤ ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በቀላሉ ስለሚያዝ የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

ደባርቅ ላይ የስሜን ተራሮችን ጭነት የሚሸከሙ በቅሎዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የበቅሎ ሰኮና ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ክቡን የፈረስ ጫማ ጨምቆ መምታት አያዋጣም።

ስለ መሣሪያው፦ ሞረድ ከመዶሻ ጋር በአንድ ከረጢት አይጣልም፣ ጥርሱ ይረግፋል። በጨርቅ ይጠቀለል፤ ከሥራ በኋላ በሽቦ ብሩሽ በጥርሱ አቅጣጫ ይጠረግ። አዲሱ ለሰኮና፣ አሮጌው ለምስማር ጫፍ። የሰኮና መቁረጫ ጉጠት ምስማር አይነካም፤ አንድ ጊዜ ከተሸረፈ ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ሁሉ ሸካራ ነው። የሰኮና ቢላ በውስጥ በኩል ብቻ በክብ ሞረድ ይሳላል፤ በጀርባው የምትቀረው ስስ ጠርዝ በአንድ ጭረት ትነሣለች። የደነዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ ቢላው ያመልጣል። እጀታዎች በበጋ ደርቀው ሲላሉ የተልባ ዘይት ይጠጡ እንጂ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፉ፤ ውኃው ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል።

ብረቱ ባያልቅም ጫማው በየ6 እስከ 8 ሳምንት መነሣት አለበት። ለጥምቀት የሚሰለፉ ፈረሶች ደግሞ ከጥር 11 አንድ ሳምንት ቀድመው ይጫሙ፤ ለሥጋው የተጠጋ ምስማር ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማግስቱ ወይም ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሰኮናው ከሌሎቹ ሞቆ ከተገኘ እያንዳንዱን ምስማር በመዶሻ ቀስ አድርጎ መንካት፣ ፈረሱ የሚሸሽበትን መንቀል።