የእማዬ ፔርሙዝና የእኔ

«24 ሰዓት ትኩስ» ይላል የአዲሱ ፔርሙዜ ካርቶን። በትልቁ፣ በቀይ። ስንት ዲግሪ ትኩስ? እሱ አልተጻፈም። ለብ ያለ ውሃም እኮ ከቧንቧ ውሃ ጎን ሲቀርብ ትኩስ ነው።

ነገሩ የመጣው እህቴ በመውለዷ ነው። ሆስፒታሉ ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው። አጥሚቱ ጠዋት ቤት ይሠራል፣ ታክሲ እየቀየረ ከተማውን ያቋርጣል፣ ደርሶም የጠያቂ ሰዓት እስኪሆን በር ላይ ይቆማል። ለዚህ ብዬ መርካቶ ወርጄ አንድ ሊትር የሚይዝ ስቲል ፔርሙዝ ገዛሁ። እማዬ አገላብጣ አየችውና «ለጌጥ ያምራል» አለች። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ አናት የራሷን አወረደች። አበባ የተሳለበት፣ ውስጡ መስታወት፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ከእኔ ዕድሜው ይበልጣል። «ይሄ ያላረሰው የለም» አለችኝ። እሷ ስትወልደኝ አጥሚት የተመላለሰው በእሱ ነው።

እንዲህ ያለ ክርክር በአፍ አያልቅም። ስለዚህ ለካሁ።

ቤት ያለው የትኩሳት መለኪያ 42 ላይ ስለሚያበቃ ለምግብ የሚሆን ቴርሞሜትር ተዋስኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውሃ ጣድኩ። ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ መለኪያው ግን 92 ላይ ቆመ። ብጠብቅም ንቅንቅ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውሃም 100 ሳይደርስ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ይቺ ነገር ለፔርሙዝ ትልቅ ነገር ናት። የጃፓን ፋብሪካዎች ካርቶናቸው ላይ በሐቅ የሚጽፉት ቁጥር አለ፤ 95 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከ6 ሰዓት በኋላ ስንት ላይ እንደሚገኝ። ጥሩ አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ቢጽፍ ምናለ። ግን እኛ ከተማ 95 የሚባል ውሃ ምድጃ ላይ የለም። ገና ሳንጀምር 3 ዲግሪ ተበልተናል። ድሬዳዋ ያለ ሰው ይሻላል።

ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞላሁና ከድኜ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። እየከፈቱ ማየት አይቻልም፤ በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። እማዬ ግን እየመጣች ጆሮዋን ትለጥፍበት ነበር። ምን እንደምትሰማ እሷ ታውቃለች።

ቀን 6 ሰዓት ላይ የእሷ 76፣ የእኔ 70። ማታ 12 ሰዓት ላይ የእሷ 65፣ የእኔ 56።

«አላልኩሽም?» የሚለው እስካሁን አላባራም።

ግን ለምን? ፔርሙዝ ግድግዳው ሁለት ነው፤ በመሀል ያለው አየር ተመጦ ወጥቷል። ሙቀት የሚያሻግረው ነገር ሲያጣ እዚያው ይቀራል። በጨረር የሚያመልጠውን ደግሞ ብርማው ቅብ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የቀረው መውጫ አፉ ነው፤ አንገቱና ክዳኑ። ውስጠኛውና ውጪኛው ግድግዳ የሚገናኙት አንገቱ ላይ ነው። ብረት ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፣ ብርጭቆ ግን ብዙም አያስተላልፍም። የእማዬ መስታወት ያሸነፈው አንዱ በዚህ ይመስለኛል። እጄን ሳስኬደው የእኔኛው ሆዱ ቀዝቃዛ ነው፣ አንገቱ ግን ሞቅ ይላል። እዚያ ጋ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ዕቃው ሲፈጠር ለሻይ አልነበረም። ጄምስ ደዋር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ነው በ1892 እ.ኤ.አ. ለንደን የሠራው። እሱ የፈለገው እጅግ ቀዝቅዘው ፈሳሽ የሆኑ ጋዞችን እንዳይተኑ ማቆየት ነው። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። ጀርመኖች በ1904 ቴርሞስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው መሸጥ ሲጀምሩ ከሰሰ፤ ተረታም። ሰውዬው ያሳዝነኛል። እማዬ ግን ስነግራት «ታዲያ ማን አታስመዝግብ አለው?» ብላ ቡናዋን መውቀጧን ቀጠለች።

ሽንፈቴን ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። በሌላ ቀን የእኔን መጀመሪያ በፈላ ውሃ ሞልቼ ለጥቂት ደቂቃ አቆየሁት። ያንን ደፍቼ አዲስ የፈላ ውሃ ሞላሁበት። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ ውስጥ ስትቀዱ የመጀመሪያውን ሙቀት የሚጠጣው ዕቃው ራሱ ነው፤ ውሃው ገና ሲገባ ወደ 87 ይወርዳል። ዕቃው ከሞቀ ግን 90 ላይ ይጀምራል። ቀን 6 ሰዓት ላይ 73 አገኘሁ። ያለ ምንም ወጪ 3 ዲግሪ። እማዬ «እሱማ ድሮም ይታጠብ የለ በሙቅ ውሃ» አለች። እውነቷን ነው፣ እሷ ሁሌም ታለቀልቀዋለች። ለንጽሕና ነው የምትለው።

ከሁሉም የባሰውን ያየሁት ግማሽ ድረስ ብቻ ስሞላው ነው። እኩለ ቀን ላይ 58። በቃ፣ ለብ ሊል ምንም አልቀረው። ትንሽ ውሃ የያዘው ሙቀት ትንሽ ነው፣ በአንገቱ የሚወጣው ግን ያው ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ስኒ ሻይ ለመያዝ ትልቅ ፔርሙዝ የሚሸከሙ ሰዎች መሥሪያ ቤታችን ሞልተዋል። ትንሽ ገዝቶ ጢም አድርጎ መሙላት ይሻላል። ወይም የተረፈውን ቦታ በሙቅ ውሃም ቢሆን መሙላት።

ውስጡ የሚገባው ነገርም ይለያያል። ሻይ ቀኑን ሙሉ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ይመራል፤ ቀረፋና ቅርንፉዱም ከልኩ ያልፋሉ። ቡናማ አይነሳ፤ ጠዋት የተቀዳ ቡና ከሰዓት በኋላ የሆነ የታመቀ ጣዕም ያመጣል። እኔ አሁን ውሃ ብቻ ነው የምይዘው፤ ሻይ ቅጠሉን እዚያው እጨምራለሁ። ወተት የገባበት ነገር ደግሞ ሲቆይ ያስፈራኛል። ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ለሰዓታት ለብ ብሎ የሚቆይ ወተት ለጀርም ምቹ ቤት ነው፤ አራስ ቤት ደግሞ በዚህ አይቀለድም። እኛ አጥሚቱን ያለ ወተት ሠራነው።

ወደ ሆስፒታል የሄደው የትኛው ነው? የተሸነፈው። የእማዬን ፔርሙዝ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤ ልጓዝ ስል ራሷ ከለከለችኝ። መስታወቱን ከሥር ፈታችና አሳየችኝ፤ ቂጡ ላይ ሹል ብላ የወጣች ትንሽ ጫፍ አለች። አየሩ ተመጦ ሲያልቅ የተዘጋው በእሷ ነው። እሷ ከተነካች አለቀ፤ አየር ይገባል፣ ፔርሙዙም ተራ ጠርሙስ ይሆናል። ስቲሉ ግን ወድቆም ተጋጭቶም ይደርሳል። ደረሰም። እህቴ አጥሚቱ ሲቀዳላት አንዴ ፉት አለችና «ኧረ ያቃጥላል፣ ትንሽ ይብረድልኝ!» ብላ አስቀመጠችው። እኔ ለዲግሪ ስጨነቅ ሰው የሚጠጣው ወደ 60 ገደማ ሲወርድ መሆኑን ማን ይንገረኝ።

አዲስ የምትገዙ ካላችሁ ካርቶኑን ተዉት። መርካቶ ከሱቁ አጠገብ ሻይ ቤት አይጠፋም፤ የፈላ ውሃ አስቀዱና ፔርሙዙን ሙሉት፣ ክደኑት፣ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ ተከራከሩ። አሥር ደቂቃ እንደሆን ክርክሩ ይወስዳል። ከዚያ ከሥር እስከ ትከሻው ዳብሱት። አንገቱ ቢሞቅ ችግር የለም። ሆዱ ከሞቀ ግን መሀሉ አየር ገብቶታል ወይም ከመጀመሪያውም አልወጣለትም፤ 24 ሰዓት ቀርቶ ምሳ ሰዓት አያደርስም። ክዳኑን ገልብጣችሁም የጎማውን ቀለበት እዩ፤ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቦርሳችሁ ውስጥ ያፈሳል። ሻጩ «አልሞክርም» ብሎ ፊቱን ካጠቆረ፣ መርካቶ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።