«ኤን ከ−1 ጋር እኩል ነውን?»

በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ ግቢዎች ዙሪያ የሚገኙ ብዙ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የምህንድስና ተማሪዎች ኢንቲግራል በኮምፒውተር ለማስላት ሲፈልጉ የሚከፍቱት ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ፣ ክራክ የተደረገ የንግድ ሶፍትዌር ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን (ኮዱን ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ፕሮግራምን) እንዲጠቀሙ ለማሳመን የሚቀርበው ክርክር ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ገንዘብ ነው፤ የፈቃዱ ክፍያ በዶላር ነው፣ ዶላር ከየት ይመጣል ይባላል። ክርክሩ እውነት ቢሆንም ማንንም ሲያሳምን አላየሁም፤ ክራኩም በነፃ ነዋ። እኔ ማክሲማንና ሲምፓይን የተባሉትን ሁለት ክፍት ምንጭ የሒሳብ ፕሮግራሞች የምመክረው በሌላ ምክንያት ነው፤ እነዚህ ፕሮግራሞች የሰጡትን መልስ ለምንና እንዴት እንደሰጡት ገልጦ ማየት ይቻላል፤ ሒሳብ ለሚማር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

አስቀድሞ የሥራቸውን ጠባይ መግለጽ ያስፈልጋል። በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተራ ስሌት የ2ን ስኩዌር ሩት አውጥተን ውጤቱን መልሰን ስኩዌር ብናደርገው 2.0000000000000004 እናገኛለን፤ ማሽኑ ማለቂያ የሌለውን አስርዮሽ የሆነ ቦታ ላይ ቆርጦታልና። በፓይተን የተጻፈው ሲምፓይ ግን ስኩዌር ሩት 2ን ወደ አስርዮሽ ሳይለውጥ በምልክትነቱ ይዞት ስለሚቆይ መልሱ ልክ 2 ይሆናል። ኮምፒውተር አልጀብራ የሚባለው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በእስክሪብቶ እንደምንሠራው ሁሉ ፊደላትንና ክፍልፋዮችን እንደነበሩ ይዞ መሥራት።

አሁን ማክሲማን ከፍተን ኤክስን በኤን ፓወር ኢንቲግሬት እንዲያደርግልን እንዘዘው። መልስ አይሰጥም፤ «ኤን ከ−1 ጋር እኩል ነውን?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቀናል። አንድ የማስጠናው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ እኔ ልጠይቀው ከፍቼው እሱ መልሶ ይጠይቀኛል እንዴ?» ብሎኛል። የማክሲማ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። የለመድነው ቀመር ፓወሩ ላይ 1 ጨምረን በዚያው እንድናካፍል ይነግረናል፤ ኤን −1 ከሆነ ግን ማካፈሉ በዜሮ ይሆናል፣ ትክክለኛው መልስም የኤክስ ናቹራል ሎጋሪዝም ነው። ማክሲማ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ መገመት አይፈልግም። ሲምፓይ በበኩሉ ሳይጠይቅ ሁለቱንም መልሶች ከነሁኔታቸው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የንግድ ሶፍትዌር የሆነው ማቲማቲካ ይህችን ልዩ ሁኔታ ሳያነሳ ጠቅላላውን ቀመር ብቻ ይሰጣል፤ ለባለሙያ የሚመች አሠራር ነው፣ ለተማሪ ግን የማክሲማን ጥያቄ እመርጣለሁ።

የማክሲማ ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረውና ሊስፕ በተባለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከተጻፈው ማክሳይማ ከሚባል ፕሮግራም ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሼልተር በአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እጅ የነበረውን የ1982 ቅጂ ይዞ ለዓመታት ሲጠግነውና ሲያሻሽለው ቆየ፤ በ1998 ምንጭ ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሠራጨው በሚፈቅደው የጂፒኤል ፈቃድ ለሕዝብ ለመልቀቅ ከመሥሪያ ቤቱ ይሁንታ አገኘ። ሼልተር በ2001 ሲያርፍ ሥራው አብሮት አልተቀበረም፤ ኮዱ ክፍት ስለነበር ፈቃደኞች ተረክበው እስከ ዛሬ ያንቀሳቅሱታል።

ክፍትነቱ በተግባር ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የሳይን ኤክስና የኮሳይን ኤክስን ብዜት ኢንቲግራል ሲምፓይን ብንጠይቀው ሳይን ስኩዌር ኤክስ ሲካፈል ለ2 ይለናል፤ ማክሲማን ብንጠይቀው ደግሞ ኮሳይን ስኩዌር ኤክስ ሲካፈል ለ2፣ ከፊቱ ነጌቲቭ ምልክት ያለው። ተማሪዎች አንዱ ተሳስቷል ብለው ይደመድማሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ብንቀንስ የሚተርፈው ግማሽ ብቻ ነው፣ ማለትም ኮንስታንት። (ሁለቱም ፕሮግራሞች «ፕላስ ሲ» አይጽፉም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ነጥብ ይቀነስባቸው ነበር።) ልዩነቱ የመጣው አንዱ ሳይንን፣ ሌላው ኮሳይንን በአዲስ ፊደል ተክቶ ስለጀመረ ነው። ሲምፓይ ውስጥ ኢንቲግራል ስቴፕስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ኢንቲግራሉ በእጅ ሲሠራ የትኛው ሕግ በየትኛው ደረጃ እንደሚገባ፣ ምን በምን እንደሚተካ ይዘረዝራል። ይህም ካላረካን የትእዛዙን ምንጭ ኮድ ከፍተን ሕጎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሞከሩ በፓይተን ተጽፈው ማንበብ እንችላለን። በተዘጋ ፕሮግራም ይህ በር የለም፤ ክራክ የሰበረው የክፍያውን ቁልፍ እንጂ የኮዱን አይደለም።

ጀማሪን የሚያስመርሩ ነገሮችም አሉ። በማክሲማ ፓይን (π) ለመጻፍ ከፊቱ የፐርሰንት ምልክት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፓይ እንደማንኛውም ፊደል ተቆጥሮ የፓይ ሳይን ዜሮ በመሆን ፈንታ እንዳለ ተመልሶ ይመጣል። በትእዛዙ መጨረሻ ሴሚኮለን የረሳ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ የደረቀ መስሎት ይጠብቃል። በሲምፓይ የኤክስ ስኩዌርን ስኩዌር ሩት ብንጠይቅ ኤክስ ብሎ አያቃልለውም፤ ኤክስ ፖዘቲቭ መሆኑን ቀድመን ማሳወቅ አለብን። ይህን ግን ከጉድለት አልቆጥረውም፤ ኤክስ −3 ቢሆን መልሱ 3 እንጂ −3 አይደለምና።

ሴጅ የሚባለውን፣ ዊልያም ስታይን በ2005 የጀመረውን ትልቅ ስብስብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክርም። ማክሲማን፣ ለቁጥር ቲዎሪ ፓሪን፣ ለግሩፕ ቲዎሪ ጋፕን አንድ ላይ ያቀፈ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም በጊጋባይት የሚለካ ነገር በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ሲምፓይ ግን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከፓይተን ሌላ የሚፈልገው ኤምፒማዝ የተባለችውን አነስተኛ ላይብረሪ ነው፤ ሁለቱን በፍላሽ ማቀባበል ይቻላል፣ ማቀባበሉም ሕጋዊ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ለትንንሾቹ የምሞክረው ነገር አለ። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ርዝመት የሚል ምልክት ፈጥረን፣ በ40 ሜትር ሽቦ የሚታጠር አራት ማዕዘን ቦታ ስፋቱ (ኤሪያው) «ርዝመት*(20 − ርዝመት)» ነው ብለን መጻፍ እንችላለን። ዴሪቬቲቩን ስንጠይቅ ሲምፓይ «20 − 2*ርዝመት» ብሎ በአማርኛ ስሙ ይመልሳል፤ ከዜሮ ጋር አስተካክለን ስንፈታው 10 ይሰጠናል። ትእዛዙን ራሱንም ሶልቭ ከማለት «ፍታ» ብሎ መሰየም የአንድ መስመር ሥራ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙም አልገፋበትም፤ መጽሐፋቸውም ፈተናቸውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ለሚጀምሩት ልጆች ግን በዚሁ እቀጥላለሁ።