ጅቡን ከሰሌዳው አጠፋሁት

ሐረር ውስጥ የላብራቶሪ ተማሪዎችን ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ትምህርት) አስተምራለሁ። ታይፎይድ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሳልሞኔላ ላይ ስንደርስ ክፍሉ ሁልጊዜ ያንቀላፋል። አንድ ዓመት ታዲያ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነቡትን የጀጎል ግንብ ሰሌዳው ላይ ሣልኩ፦ አምስቱ በሮች፣ ከሥር ደግሞ ጅቦች ማታ የሚሾልኩባት ቀዳዳ። «ሳልሞኔላም የአንጀትን ግንብ ኤም ሴል በሚባሉ ሴሎች በኩል እንዲህ ይሾልካል» አልኩ። አንድ የጀጎል ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ጅቡ እኮ ቆሻሻችንን ሊበላልን ነው የሚገባው። ማን ያባርረዋል?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጅቡን አጥፍቼ ሌባ የገባበት ቤት ሣልኩ። ሌባው ሳልሞኔላ ነው። ቤቱ ማክሮፋጅ ነው፤ ባክቴሪያ ውጦ የሚፈጭ ሴል። ሳልሞኔላ ግን ተውጦም አይፈጭም፤ ውስጥ ባለች ከረጢት ተሸሽጎ ይራባል። አንቲቦዲ፣ ሰውነት ተህዋስን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ይይዛል እንጂ እዚያ አይደርስበትም። ቤቱ ግን ከሌባው ልብስ ቁራጭ ቀዶ ኤምኤችሲ 2 በተባለ መስቀያ በመስኮቱ ያንጠለጥላል። ሲዲ 4 ቲ ሴል የተባለ ነጭ የደም ሴል ያንን አይቶ ይመጣል፤ የመከላከያ ሴሎች በሚሰባሰቡባት ዕጢ፣ በሊምፍ ኖድ ውስጥ ተለይቶ እስኪባዛ ግን ቀናት ይፈጃል።

እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ቀጥዬ «ገብቶ ይገድለዋል» አልኩ።

«በየት በኩል ገብቶ?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ልጅ።

መልስ አጣሁ። ማታ መጽሐፍ ስገልጥ አፈርኩ። ሲዲ 4 ቲ ሴል ደጅ ላይ ሆኖ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የማንቂያ ኬሚካል ይለቃል፤ ሌባውን የሚገድለው በዚያ የነቃው የቤቱ ባለቤት፣ ማክሮፋጁ ራሱ ነው፣ ከረጢቷን ከሚፈጩት ኢንዛይሞች ጋር አገናኝቶ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ አምርቶ። ኢንተርፌሮኑን የሚያስለቅቀው የኢንተርሉኪን 12 (የሌላ መልእክተኛ ኬሚካል) መንገድ በዘር የተበላሸባቸው ሰዎች በሳልሞኔላ ክፉኛ የሚጠቁት ለዚህ ነው። ሲዲ 4 የወረደባቸውን የኤችአይቪ ሕሙማንም ሳልሞኔላ ደማቸው ውስጥ እየተመላለሰ ያስቸግራቸዋል።

በማግስቱ «ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው» ብዬ ጀመርኩ። ያቺ ልጅ ፈገግ እንኳ አላለችም። ማስታወሻዋ ላይ ግን «ይገድላል» የሚለውን ቀድማ ሰርዛው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዊዳል የተባለውን የታይፎይድ ምርመራ የማስተምረው ከዚሁ ቤት ሥዕል አጠገብ ነው። ከ1896 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ምርመራ የሚያየው አንቲቦዲን ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ካለፈ በሽታ ወይም ከክትባት በኋላም ይቆያል፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አይናገርም፤ ያንን የሚናገረው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ይህን ስል ያው የጅቡ ጠበቃ፣ «እናቴ በየዓመቱ ታይፎይድ አለብሽ ትባላለች፤ የደም ካልቸር ግን አንድ ቀን ተሠርቶላት አያውቅም» አለኝ።