የዲኤክሷ ፍሬን በመጨረሻ ያዘ፦ ከጅማ የልምድ ማካፈያ

ባለፈው እሁድ ግቢ ውስጥ ሰዓት እየያዝን ስንነዳ የመኪናዬ የዲኤክሷ ፍሬን ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ሳይላላ ዋለ። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ሲያንገበግበኝ የነበረ ነገር ስለሆነ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እንደ እኔ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ለምትለፉ ሁሉ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ70 ናት። ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። የቤት መኪና እንጂ የስፖርት መኪና አይደለችም የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፣ ክብደቷ ቢበዛ ወደ 900 ኪሎ ቢጠጋ ነው። ድሪፍት (መኪና በጎን እያንሸራተቱ መታጠፍ) የሚወዱ ልጆች የሚያብዱላት የቶዮታዋ ኤኢ86 እንኳን እ.ኤ.አ. በ1983 ስትወጣ ከዚችው መኪና አካል ብዙ ወርሳለች። ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለችውን በደንብ መያዝ ግድ ሆኗል።

የት እንደምንነዳ አስቀድሜ ልናገር። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ አስፋልት ግቢ አለ፤ ባለቤቱ እሁድ እሁድ ፈቅዶልናል። አሮጌ ጎማ ደርድረን መታጠፊያ እንሠራለን። አንድ መኪና ብቻ ይገባል፣ ሌላው ዳር ቆሞ ሰዓት ይይዛል። ማታ ማታ ከተማ ውስጥ የሚሽቀዳደሙትን አልደግፍም። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባጃጁ ከየቅያሱ ይወጣል፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ፣ ከብት አለ። መንገድ ላይ እየተሽቀዳደመ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልስ አልሰጠውም።

የሞተሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ፎርኬ (4K) የሚባለው ነው፣ 1290 ሲሲ፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የሚሠራ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይሄን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይሰጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ቤንዚን የሚለካባትን የናስ ቀዳዳ በጠበበች ስቀይራት ካንዴላው ቡናማ ሆነ፣ መኪናዋም ቀለል አለች። በዚህ አስተካክላችሁ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ግን ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። እዚያ ታች አየሩ ይወፍራል። ሽቅብ ስትወጡ ሞተሩ ካንኳኳ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። በቃ፣ ስለ ሞተር ይሄው ነው።

ጎማም ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ፀጉሩ ያልረገፈ አዲስ ጎማ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የደረቀ ጎማ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ አይዝም።

መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ሞላ ስለመቁረጥም እየጠየቃችሁኝ ነው። አትቁረጡ። የተቆረጠ ሞላ ማረፊያው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ይደነድናል፣ የእኛ መንገድ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ሾኩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይመታል። መኪናዋ ዝቅ ስላለች ብቻ መታጠፊያ ላይ አትይዝም። ማርሚታ ቆርጦ ማስጮህም ያው ነው። በዚያ ብር የፍሬን ቱቦ ይገዛበታል።

አሁን ወደ ፍሬኑ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ፔዳሉ ጥሩ ነው። ትንሽ ቆይቶ እየጠለቀ ይሄዳል። በኋላ እስከ ወለሉ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መኪናዋን አቁመን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ጋራዥ ስወስዳት ቀዝቅዛለች፣ ስለዚህ መካኒኩ ረግጦ አይቶ «ምንም የለባትም» ይለኛል።

ያስተማረኝ የድሮ የፍሬን መካኒክ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መኪናው አልነበረም። «እግርህ ምን ይልሃል ልጄ?» አሉኝ። ለካ ሁላችንም «ፍሬን አይዝም» ብለን የምናልፈው ነገር ብዙ ዓይነት ነው።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚጨብጠው ፓድ ከሚችለው በላይ ሞቋል። ሲሞቅ ብቻ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ፣ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይት አይጨመቅም፣ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግራችሁ ዲስኩን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው የሚገፋው። ቀዝቅዞም የሚላላ ከሆነ ወይ ውስጡ አየር አለ፣ ወይ የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ አርጅቶ ሲረገጥ ይነፋል። የመጀመሪያው ርግጫ ጠልቆ ሁለተኛው ከጠነከረ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ላልቶ ዲስኩ ፓዱን ወደ ኋላ እየገፋው ሊሆን ይችላል፤ ወይ ደግሞ የኋላው ሸራ ከሚታከክበት ታምቡር ርቋል። ቆማችሁ ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ከወረደ የማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ፣ ጎሚኒ አልቋል። ይሄን በቃል ያዙት። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ብዙ ብር ያድናችኋል።

የእኔ ሁለተኛው ነበር። ዘይቱ ይፈላል።

ለምን ይፈላል የሚለውን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ሠራሁ። ዲኤክስ ሹፌሯን ይዛ ከ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብትቆም ወደ 300 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ጀበና ጥዳችሁ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። እያንዳንዱ ጠንካራ ፍሬን አንድ ጀበና፣ አብዛኛው ደግሞ የሚያርፈው የፊት ዲስኮች ላይ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፈረስ ጉልበት ጨምሮ ፍሬኑን እንደነበረ የሚተው ሰው ሥራውን ከኋላ ነው የጀመረው።

ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት የሚባለው የዘይቱ ደረጃ ነው፣ መለኪያው እንዲህ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። ዶት 5.1 አዲሱ 260፣ እርጥቡ 180። የመጀመሪያውን ቁጥር አትዩ፤ ሁለተኛውን እዩ። ጅማ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ የፍሬን ዘይት ምን እንደሚሆን ከዚህ ገምቱ።

የእኔም ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ዘይቱን ያስቀየርኩበት ቦታ ከትልቅ ጀሪካን እየቀዱ ነበር የሚሸጡት። ጀሪካኑ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ የለም። ቀለሙ ንጹሕ ነበር፣ አዲስ ይመስል ነበር፣ ግን ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ትንሹን ጣሳ ነው የምገዛው። ማሸጊያውን ራሴ እከፍተዋለሁ፣ የተረፈውን ለእሽቅድድም አልጠቀምበትም። ዶት 4 ለእኛ ይበቃል። ዶት 5 የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ደግሞ ጠብታም ቢሆን እንዳይነካው፤ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ። የፍሬን ዘይት ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

ዘይቱን ቀየርኩ፣ ተሻሻለ፣ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ የምወደው መሣሪያ መጣ፦ ሙቀት መለኪያ ሽጉጥ። በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ዓይነት ነው፤ ያኛው ግን ለሰው ሙቀት ብቻ ስለሆነ አይሠራም። ለፋብሪካ የሚሆነውን፣ ቢያንስ እስከ 500 ዲግሪ የሚያነበውን ፈልጉ። አጠቃቀሙ ላይ ጥንቃቄ አለው። የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ከደገናችሁት ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እኔ በቁጥሩ አልመካም፤ ግራና ቀኝ ያንኑ ቦታ እያነበብኩ አነጻጽራለሁ።

ከዙር ስወጣ ለካሁ። የግራው ፊት ከቀኙ ከ100 ዲግሪ በላይ ይበልጣል! ጎማውን ፈትተን ስናየው ፓዶቹን የያዘው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ፒን ደርቋል። ቀይ አቧራና ጭቃ ገብቶበት፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ፓዱ አይመለስም፣ ዲስኩን እየታከከ ይዞራል። ቀጥ ባለው ላይ እንኳን ዲስኩ አያርፍም ማለት ነው። አጽድተን ለፍሬን የሚሆነውን ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀባነው። ተራ ግራሶ አትቀቡ፤ ይቀልጣል፣ ጎሚኒውንም ይበላል። በዚያው የፊት ቱቦዎቹንም ቀየርኩ። ሌላው ሰው ሲረግጥ ቱቦውን በእጄ ይዤ ሲነፋ ይሰማኝ ነበር። አዲሶቹን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ አስፈልጌ በአውቶቡስ ነው ያስመጣሁት።

አየር የማስወጣቱን ሥራ ከጋሼ ጋር ሠራነው። ከማስተሩ የራቀው ይቀድማል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። እኔ ፔዳል ላይ፣ እሳቸው ከታች። «እርገጥ። ያዝ።» ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። «ልቀቅ።» እኔ ቶሎ ቶሎ ስመታው ተቆጡኝ። «ቀስ በል ልጄ፣ አየሩን አትበትነው። አንድ ላይ ይውጣ።» ትልቁ አረፋ በፍጥነት ሲመታ ወደ ትንንሽ አረፋ ይሰባበራል፣ ትንንሾቹን ማውጣት ደግሞ መከራ ነው። ከላይ ያለው ማጠራቀሚያም እንዳይደርቅ በየመሀሉ መሙላት አለ። አየር ከሳበ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

አዲስ ፓድ ካስገባችሁ ከዲስኩ ጋር አለማምዱት። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ገደማ ደጋግማችሁ ቀንሱ፤ በመሀሉ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት። ከዙር ስትወጡም እንዲሁ አንድ ቀዝቃዛ ዙር ንዱ። ስትቆሙ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሱ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ታኮ አድርጉ። የጋለ ፓድ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዲስኩ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጊቤ ላይም ይሄው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን እየነካኩ የሚወርዱ መኪናዎች ታች ሲደርሱ የሚሸተውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ያልጨረስኩት ብዙ ነው። ፍሬን እየረገጡ በተረከዝ ነዳጅ ሰጥቶ ማርሽ መቀነስ አሁንም እግሬ አልለመደውም፤ ስሞክረው ፍሬኑ ላይ ያለው ጫና ይዛባብኛል፣ ስለዚህ ለጊዜው ቀጥ ባለው ላይ ማርሽ ጨርሼ ነው የምገባው። የኋላውን ታምቡር ደግሞ ገና ከልቤ አላመንኩትም። ሸራውን ሳጠብቀው ዝናብ ባለበት ቀን የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ይቆልፋል፣ ሳላላው ፔዳሉ ይረዝማል። አሁን ያለሁት መሀል ላይ ነው። ደረቅ ቀን ጥሩ ነው፣ እርጥብ ቀን እጠነቀቃለሁ።

ቀጥሎ ሾክ ነው። የኬኢ70 የፊት ሾክ ውስጡ የሚቀየር፣ ትንሽ ጠንከር ያለ፣ አዲስ ሆኖ ያገኘ ሰው ካለ የት እንደሆነና ስንት እንደገዛው ይጻፍልኝ። የኋላ ታምቡርን ለዝናብ ያስተካከለ ሰው ካለ ደግሞ ሸራውን በምን ያህል ክፍተት እንደተወው መስማት እፈልጋለሁ። ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ እሁድ ጠዋት ኑ። ጎማ የሚደረድር ሰው ያንሰናል፣ የሙቀት መለኪያውንም አውሳችኋለሁ።