«ሬድ፣ ብሉ፣ የሎው»፦ በፔሩ አንዲስ ተራራ ሰባት ሳምንት እንግሊዝኛ ሳስተምር

ገና አፌን ሳልከፍት ልጆቹ ቀደሙኝ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቼ ከቦርሳዬ ቀይ ወረቀት ሳወጣ ሃያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ሬድ!» አሉ። ሰማያዊ አወጣሁ፤ «ብሉ!»። ቢጫ፤ «የሎው!»። አረንጓዴ ላይ ድምፁ ሳሳ። ሐምራዊ ላይ ጸጥ አለ፤ አንዷ ብቻ ጸሎት እንደያዘ ሰው ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። በሩን ተደግፎ የቆመው መምህራቸው በስፓኒሽ «እስከ አረንጓዴ ድረስ ማንም አይችላቸውም» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ሳምንት ቆይቶ ነው። ከእኔ በፊት አራት በጎ ፈቃደኞች መጥተዋል፤ አራቱም ከቀይ ጀምረዋል፤ አራቱም ሐምራዊ ሳይደርሱ ሻንጣቸውን ዘግተው ሄደዋል። አምስተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ የያዝኩትም ያንኑ ባለቀለም ወረቀት።

«ፔሩ ምን ወሰደሽ?» ያላለኝ ዘመድ የለም። መልሱ አባቴ ናቸው። ደሴ ተማሪ ሳሉ እንግሊዝኛ ያስተማራቸው የፒስ ኮር (የአሜሪካ መንግሥት የሚልካቸው በጎ ፈቃደኞች) ልጅ ነበር፤ ፒስ ኮሮች ኢትዮጵያ መግባት ከጀመሩበት ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጥቂት ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። አባቴ ዛሬም «ዋተር» አይሉም፤ «ዋረር» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ረዳት መምህር ሆኜ ስሠራ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ ስፓኒሼንም የለቃቀምኩት ከተማሪዎቼ እናቶች ነው። በጋቸው ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፣ ጊዜ አለኝ። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ ሊማ፣ ከሊማ ኩስኮ በረርኩ።

መንደሯ ከኦያንታይታምቦ ከተማ ሽቅብ በሚወጣ ሸለቆ ውስጥ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሁሉም የሚተዋወቅባት ትንሽ ቦታ ናት። ከመሄዴ በፊት «የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ምን ያደርገዋል» እያልኩ ስፎክር ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ኩስኮ 3,400። ሰውነት ደግሞ የለመደውን ከፍታ ይረሳል፤ እኔ ከባሕር ብዙም ከፍ ባላለ አገር አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለተኛው ሌሊት ጭንቅላቴን ሙቀጫ ውስጥ ከትተው የሚወቅጡት መሰለኝ፣ የበላሁት ሁሉ ወጣ። የከፍታውን ሕመም እነሱ «ሶሮቼ» ይሉታል። ቤታቸው ያሳደሩኝ ሴትዮ (እንደ መንደሩ ወግ «ማማ» ነበር የምላቸው፣ እኛ እማማ እንደምንለው) መጀመሪያ የኮካ ቅጠል ሻይ፣ ሲነጋ ደግሞ ሙኛ የሚሉትን ቅጠል አፍልተው አጠጡኝ። ሽታው ናና ነው፤ ጽዋውን ይዘው እስክጨርስ ከፊቴ አለመነሳታቸው ግን ዳማከሴ ትጨምቅልኝ የነበረችውን አያቴን አስታወሰኝ። ለመሄድ የምታስቡ፣ ኩስኮ እንዳረፋችሁ ዝቅ ወዳለው የኡሩባምባ ሸለቆ ወርዳችሁ ሦስት ሌሊት እደሩና ከዚያ ውጡ። የኮካውን ቅጠል ግን ወደ አሜሪካ ይዛችሁ እንዳትመለሱ፤ ክልክል ነው።

ከሶሮቼው ይልቅ የጎዳኝ የቀን መቁጠሪያው ነው። የፔሩ ትምህርት ከማርች እስከ ዲሴምበር ነው፤ እስከዚህ አውቅ ነበር። ጁላይ 6 የመምህራን ቀን መሆኑን አላውቅም። ጁላይ 28 በ1821 ነጻነታቸው የታወጀበት በዓል ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ደግሞ ለሰልፍ ልምምድ ይውላሉ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን እየወረወረ፣ አቧራው እየቦነነ፣ ግራ ቀኝ ሲል ታያላችሁ። ያ ሲያልቅ የሁለት ሳምንት እረፍት። ሰባት ሳምንት ብዬ የሄድኩት ክፍል ውስጥ የቆምኩባቸው ቀናት ሲቆጠሩ አራት ሳምንት አልሞሉም። ማንም አልደበቀኝም፤ እኔው አልጠየቅሁም። ዛሬ ብሄድ በኤፕሪል ነው፣ ወይም ከኦገስት አጋማሽ ወዲያ።

ክፍሉ አንድ ነው፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ አብረው ይማራሉ፤ መምህሩም አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት ከታች ከሸለቆው ይመጣል፣ ዓርብ ከሰዓት ይወርዳል። ልጆቹ ቤታቸው ኬችዋ ይናገራሉ፣ ስፓኒሽን የሚያገኙት ትምህርት ቤት ነው። እኔ መጥቼ እንግሊዝኛን በስፓኒሽ ሳስረዳ ለትንንሾቹ ባዕድን በባዕድ መተርጎም ነበር። ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ሆኖብኝ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ ገጽ ሙሉ በቃሌ የሸመደድኩ ሰው ነኝ።

ያዳነኝ ዳቦ ነው። አንድ ማታ ምድጃ ዳር ማማ ዳቦ አቀበሉኝና «ጣንታ» አሉ። «ጣንታ» አልኩ እኔም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እንደገና አስባሉኝ፣ ልጃቸውን ጠሩ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ለእነሱም አስባሉኝ። ለካ ከእኔ በፊት የመጡት ሁሉ «ታንታ» ነበር የሚሉት፤ ያ መሰብሰብ ነው። ቲዋ ትንፋሽ ሲጨመርባት ደግሞ አሮጌ፣ የነተበ ነገር ማለት ይሆናል። በኩስኮ ኬችዋ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ የዳቦዋ ደግሞ የእኛዋ ጠ ናት። ጨ አላቸው፣ ጰ አላቸው፣ ቀ እንዲያውም ሁለት ዓይነት፤ አንዷ እንደኛ፣ ሌላዋ ከጉሮሮ ጠለቅ ያለች። ስሜ ውስጥ ያለችውን «ጥ» አሜሪካ ውስጥ በአሥራ አራት ዓመት የሚያወጣልኝ አልተገኘም። እነዚያ ልጆች በመጀመሪያው ጥሪ አወጧት። ክፍሉ ጀርባ ቆሜ አፍንጫዬን የጠረግሁት በብርዱ ነው ብያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የትምህርቱን ወንበር አዞርነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ እነሱ ያስተምሩኛል፣ እኔ እሳሳታለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ከዚያ ተራው የእኔ ነው። ኬችዋ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ኖቃ ጣንታታ ሚኹኒ»፣ እኔ ዳቦ እበላለሁ። ሦስት ልጆች ወረቀት አስይዤ አቆማለሁ፦ እኔ፣ ዳቦ፣ እበላለሁ። «በእንግሊዝኛ!» ስል ግሥ የያዘው ልጅ ሮጦ መሃል ይገባል፣ ዳቦ የያዘችው እየተገፋች ጥግ ትቆማለች። በስፓኒሽ ሦስት ቀን ያስረዳሁት በአንድ ጠዋት ገባቸው። ግሥ የያዘ ልጅ መሃል ሲገባ ሌሎቹን በክርን መጎሰሙ ግን እስከ መጨረሻው አልቀረም።

ያልተሳካልኝም አለ። ኬችዋ መሠረታዊ አናባቢው ሦስት ነው፤ «ፔን» እና «ፒን»ን ለመለየት ሁለት ሳምንት ታገልን፣ አልተለዩም፣ ተውኩት። «ስኩል»ን «እስኩል» ሲሉ ግን አላረምኳቸውም። «እስታዲየም» እና «እስፖርት» እያለ ያደገ ሰው በምን አፉ ያርማል?

በሁለተኛው ሳምንት ከሃያ ሁለቱ ዘጠኙ ብቻ መጡ። ተቀየምኩ። መምህሩ ምንም ሳይል ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ወሰደኝ። የቀሩት ሁሉ እዚያ ናቸው፤ መሬቱ ላይ በተሰጣ ድንች መሃል በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። ጩኞ የሚሠራበት ወቅት ነው። ድንቹ ሌሊት ውጭ ያድርና ውርጩ በረዶ ያደርገዋል፣ ቀን ፀሐይ ያላላዋል፣ ያኔ በእግር እየተረገጠ ውኃው ይወጣል። ይህ ለጥቂት ቀናት ሲደጋገም ድንቹ እንደ ጠጠር ቀሎና ደርቆ ለዓመታት ይቀመጣል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የጠዋት ድንች ከእግር ጣት መሃል ሲፈርጥ ቅዝቃዜው እስከ ጥርስ ይደርሳል። አንዱ ልጅ በኬችዋ «ርገጪ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። «ስቴፕ! ተርን! ስቶፕ! ሃርደር!» እያሉ ሙሉ ጠዋት አዘዙኝ። ቀለም ከማስተማር ትእዛዝ ማስተማር እንደሚሻል ያወቅሁት እዚያ ነው። ልጅ አዋቂን ማዘዝ የሚችልበትን ቋንቋ አይረሳም።

በዚያው ሥራ ላይ የዘመድ ጉልበት ሲመጣ አየሁ። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው፤ «አይኒ» ይሉታል፣ እኛ ወንፈል የምንለው ነው። ማታ የጠጡት የበቆሎ ቺቻ ቢጠራ ጠላ ነው። መሸጫው ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮ ይቆማል፤ ጣሳ የተሰቀለበት የጠላ ቤት እንጨት ለሚያውቅ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም።

ከሰዓት በኋላ ሸማኔ ሴቶች ይመጡ ነበር። ኦያንታይታምቦ ወርደው ለቱሪስት ይሸጣሉ። ቀዩን ቀለም የሚያወጡት ቁልቋል ላይ ከሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ ያው ነፍሳት ትግራይ ገብቶ በለሱን መፍጀቱን ስነግራቸው ማመን አቃታቸው፣ ለእነሱ እንጀራ ነውና። ታዲያ እኔ አስቤ አስቤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»ን መለየት የሚል ትምህርት አዘጋጀሁ፤ ሃምሳ ሶል የሚያወጣ ጨርቅ በአሥራ አምስት እንዳይሸጥ። አንድ ሰዓት በትህትና ሰሙኝ። ስጨርስ አንዷ ጀርባዋ ላይ ከቋጠረችው ጨርቅ ውስጥ ካልኩሌተር አወጣች፣ 50 ጽፋ ወደ እኔ አዞረችው። «ዋጋ በዚህ ነው የምናሳየው» አለችኝ። አፍሬ «ታዲያ ምን ላስተምራችሁ?» አልኩ። ይህን የመጀመሪያው ቀን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የፈለጉት፦ «ይህ የበግ ሱፍ ነው፣ አልፓካ (ሱፉ የሚሸመን የአንዲስ እንስሳ) አይደለም።» «ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።» እና «ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂኝ።» ሦስተኛውን ሲለማመዱ ድምፃቸው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ከፍ ይል ነበር።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። የሄድኩት በአስተላላፊ ድርጅት በኩል ነው፣ ክፍያውም ቀላል አልነበረም። ምን ያህሉ መንደሩ እንደሚደርስ ጠይቄ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም፤ ማማን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ከከፈልኩት ጋር የሚቀራረብ አይደለም። ሌላም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጆች አጠገብ ለመቀመጥ የጣት አሻራ ሰጥቻለሁ፤ ፔሩ ግን ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን የሚጠይቀኝን ሁሉ «ማንነትሽን ሳይጠይቁ ገንዘብሽን ከተቀበሉ ተመለሺ» ነው የምለው። ስፓኒሽ ካላችሁ ትምህርት ቤቱን ራሱን አግኝታችሁ፣ የምታድሩበትን ለአሳዳሪዎቻችሁ በእጅ መክፈል ይሻላል።

በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ማስተማሩን ቀንሼ ጽሑፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንደሩ ሱቅ ወፍራም ደብተር ገዛሁና ከመምህሩ ጋር ሆነን ልጆቹ የሚያውቁትን ዘረዘርን፤ የቱ ቃል እንደገባ፣ የቱ እንደቀረ፣ የትኛው ጨዋታ እንደሠራ። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ጎን ኬችዋውን በእጄ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በስፓኒሽ በትልቁ «ቀለማት ያውቃሉ። እባክዎ ከገጽ 19 ይጀምሩ» ብለን አሰፈርን። ደብተሩ የእኔ ሳይሆን የመምህሩ መሳቢያ ንብረት ሆነ። ይህን ከእኔ በፊት ከመጡት አራት ሰዎች አንዳቸው አድርገው ቢሆን እኔ ሐምራዊ ላይ አላፍርም ነበር።

በኅዳር መምህሩ በዋትስአፕ ፎቶ ላከልኝ። አዲስ ሰው መጥቷል፣ ገጽ 23 ላይ የማላውቀው የእጅ ጽሑፍ አለ። ሌላኛው ፎቶ ግን የእኔው ገጽ ነበር። በዳቦ ትይዩ ኬችዋውን በላቲን ፊደል ስጽፍ ከቲ በኋላ የምትቀመጠውን፣ ታን ጣ የምታደርገውን ትንሽ ጭረት ረስቻት ኖሯል። አንዱ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ጨምሮ ጎኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎበታል፦ «ስቶፕ!»